ባሕሩ የተኛበት ወቅት፦ ሞገድ ለሚጠብቁ አንባቢዎች መልስ

ከበዓላቱ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ከሚኖሩ ወገኖቻችን የመጡ ናቸው። አራቱም ረግቶ ስለ ሰነበተው ባሕር የሚጠይቁ በመሆናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ወራቱን የጠቀስናቸው እዚህ ሁላችን በምንሠራበት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከአሽዶድ፣ አንድ አባት)፦ የ15 ዓመት ልጅ አለኝ። በዚህ በጋ በሰሌዳ ላይ ቆሞ ሞገድ የሚጋለብበትን ሰርፍ ተምሮ በጣም ስለወደደው ከደመወዜ ቆጥቤ የራሱን ሰሌዳ ገዛሁለት። ሰሌዳው ቤት ከገባ ጀምሮ ግን ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ቀረ፤ ጓደኞቹ «ፕላታ ነው» ይሉታል። ልጁ በየጠዋቱ ወርዶ አይቶ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ነጎድጓድና ብርቱ ዝናብ ሲመጣ ሞገዱም አብሮ ይመጣል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር፤ ባሕሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሞገዱስ መቼ ይመለሳል? እናቱ ሰሌዳውን ሽጠው ትለኛለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰሌዳውን አይሽጡት። ልጅዎ የተማረው በበጋው ባሕር ላይ ነው፤ የክረምቱን ባሕር ገና አላየውም። አሁን ያላችሁበት ጊዜ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ክፍተት ሲሆን በየዓመቱ መጥቶ በየዓመቱ ያልፋል። ክረምት የምለው የዚህን አገር ክረምት ነው፤ በአገራችን ሰማዩ ጠርቶ ገበሬው አዝመራውን በሚሰበስብበት ሰሞን እዚህ የዝናቡ ወራት ይጀምራል።

በነጎድጓዱ ተስፋ ማድረጋችሁ አያስገርምም፤ ብዙ ሰው ዝናብና ሞገድ አብረው የሚመጡ ይመስለዋል። ሞገድን የሚሠራው ግን ነፋስ ነው። የሞገዱን ትልቅነት የሚወስኑት ነፋሱ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ፣ ሳያቋርጥ ስንት ሰዓት እንደነፈሰ፣ እንዲሁም ምን ያህል ርዝመት ባለው ክፍት ውሃ ላይ እንደነፈሰ ነው። ብርቱ ነፋስ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ ቢነፍስ የሚያስነሣው ትንንሽ እጥፋት ብቻ ነው፤ ያው ነፋስ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ላይ ሙሉ ቀን ሲነፍስ ግን ሰው የሚሸከም ሞገድ ያሳድጋል።

በዚህ ረገድ ሜዲትራኒያን ከውቅያኖሶች ይለያል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚኖር ሰው፣ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ ማዕበል የላከው ሞገድ ከቀናት ጉዞ በኋላ ደጁ ድረስ ይመጣለታል፤ እርሱ ባለበት ቦታ ነፋስ ባይኖር እንኳ ሞገድ አያጣም። የእኛ ባሕር ግን በየብስ የታጠረ ነው። ከአሽዶድ ወደ ምዕራብ ሰሜን ምዕራብ እስከ ሲሲሊ ደሴት ያለው ርቀት 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሌሎቹ አቅጣጫዎች ግብጽ፣ ቆጵሮስና ቱርክ ቀርበው ይዘጉታል። ስለዚህ በምሥራቁ የሜዲትራኒያን ክፍል ነፋሱ ሲቆም ባሕሩም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይተኛል፤ ከሩቅ ውቅያኖስ የሚላክለት የለም።

አሁን የነፋሱን ነገር እንመልከት። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ እስከ ቱርክ ደቡብ የሚዘረጋ ዝቅተኛ የአየር ግፊት አለ፤ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች የፋርስ ዝቅተኛ ግፊት ይሉታል። ይህ ግፊት ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣውን ነፋስ በባሕሩ ላይ ቀን ከቀን ስለሚስብ፣ በበጋ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ፣ ለጀማሪ የሚስማማ ሞገድ ሲመላለስ ይከርማል። ልጅዎ መቆም የተማረው በዚህ ሞገድ ላይ ነው። በጋው ሲያልቅ ይህ ግፊት ይዳከምና ቦታውን ሌላ ይይዘዋል፤ ከቀይ ባሕር ወደ ሰሜን የሚዘልቀው፣ የቀይ ባሕር ዝቅተኛ ግፊት የሚባለው ነው። እርሱ የሚያመጣው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከበረሃው የሚነሣ ደረቅ ነፋስ ነው። ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ በዳርቻው ላይ ሞገድ የሚያሳድግበት የውሃ ርዝመት አያገኝም፤ ጭራሽ የቀረችውን ትንሽ ሞገድም ይደፍቃታል።

ነጎድጓዱም የመጣው ከዚሁ ወገን ይመስለኛል። የቀይ ባሕሩ ግፊት በምድር ላይ እንዳለ በላይኛው ሰማይ ቀዝቃዛ አየር ሲያልፍበት፣ ነጎድጓድና ድንገተኛ ዝናብ ይነሣል፤ በኔጌቭ በረሃና በሙት ባሕር አካባቢ ደረቅ ሆኖ የከረመው ሸለቆ በደቂቃዎች ውስጥ በጎርፍ የሚሞላው በዚህ ዓይነቱ ቀን ነው። ደመናው ይጠቁራል፣ መብረቁ ይወርዳል፣ ባሕሩ ግን በዝናብ ጠብታ ተወጋግቶ እንደረጋ ይቀራል።

ሞገዱን የሚመልሰው ሦስተኛው ግፊት ነው፤ የቆጵሮስ ዝቅተኛ ግፊት ይባላል። ከኤጂያን ባሕርና ከቱርክ ወገን ወደ ቆጵሮስ ሲመጣ በፊቱ ደቡብ ምዕራባዊ፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ምዕራባዊና ሰሜን ምዕራባዊ ነፋስ እያስከተለ ሙሉውን የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ያነቃንቃል። ደካማው በኦክቶበር ብቅ ሊል ይችላል፤ ተከታትለው የሚመጡት ግን ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። ለእኛ ማኅበረሰብ ቅርብ የሆነው ምልክት ስግድ ነው። በዓሉ ከዮም ኪፑር፣ ከስርየት ቀን፣ በ50ኛው ቀን፣ በአብዛኛው በኖቬምበር ስለሚውል፣ ከስግድ ማግስት ጀምሮ ሰማዩን በተስፋ መመልከት ይቻላል። ከዚያ በላይ ግን ይህን ቀን ብዬ ልቆርጥልዎት አልደፍርም፤ የአየር ትንበያ ለሦስትና ለአራት ቀን በደንብ የሚታመን ሲሆን፣ ከሳምንት በላይ ለሚሆነው የሚናገረው አዝማሚያን ብቻ ነው።

ልጅዎ ራሱ ሊከታተለው የሚችል አንድ ስሌት ልስጠው። በአየር ካርታው ላይ ዝቅተኛው ግፊት በቀርጤስ ደሴት አካባቢ ብርቱ ምዕራባዊ ነፋስ ይዞ ሲታይ፣ ከደሴቷ ምሥራቃዊ ጫፍ እስከ አሽዶድ ያለው ርቀት 900 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ያስታውስ። በየ8 ሰከንዱ የሚመላለስ ሞገድ ጉልበቱ በሰዓት ወደ 22 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ እስከ አሽዶድ 40 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ካርታው ላይ ዛሬ ማለዳ ያየው ሞገድ ነገ ሌሊት ደርሶ፣ ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ በዳርቻው ይጠብቀዋል ማለት ነው። ነፋሱ ራሱ እየቀረበ ከመጣ ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል። ይህን አስልቶ፣ ሰሌዳውን ማታ አዘጋጅቶ፣ በተባለው ሰዓት ወርዶ ሞገዱን በቦታው ማግኘት ለአንድ ልጅ እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለእርስዎ ልጅም እመኝለታለሁ።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን የክረምት ማዕበል በዳርቻው ቆሞ ይመልከተው እንጂ አይግባበት። የክረምቱ ሞገድ ከበጋው ጋር አይወዳደርም፤ በዲሴምበር 2010 የመጣው ማዕበል በቂሳርያ ጥንታዊውን ወደብ አካባቢ ጎድቶ፣ በአሽቀሎን ደግሞ የባሕሩን ገደል ንዶ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ተቀብሮ የኖረ የእብነ በረድ ሐውልት አውጥቷል። ለ15 ዓመት ልጅ የሚሆነው ማዕበሉ ካለፈ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ነፋሱ ሲበርድ የሚቀረው የተስተካከለ ሞገድ ነው። ሁለተኛ፣ በበጋ የሚያውቀው ቦታ ያው ቦታ ሆኖ ላይጠብቀው ይችላል። ሞገዱ የሚሰበረው ከውሃው ሥር ባለ የአሸዋ ጉብታ ላይ ነው፤ ባሕሩ ረግቶ ሲሰነብት አሸዋው ቀስ በቀስ ወደ ዳርቻው ይጠጋል፣ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ወደ ውስጥ ተመልሶ አዲስ ጉብታ ይሠራል። ከረጋው ወቅት በኋላ የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ ሞገዶች በሙሉ ርዝመታቸው በአንድ ጊዜ የሚደረመሱት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በነገራችን ላይ ይህ አሸዋ አብዛኛው ዓባይ ወደ ሜዲትራኒያን ካወረደው፣ የባሕር ጅረት ደግሞ በግብጽና በሲና ዳርቻ አድርጎ ወደ ሰሜን ከገፋው የመጣ ነው። ልጅዎ በእርሱ ላይ በባዶ እግሩ ሲቆም ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ (ከነታንያ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ትንበያው «60 ሴንቲ ሜትር» ሲል ወርጄ ምንም ሳላገኝ የተመለስኩበት ቀን አለ፤ በሌላ ቀን ደግሞ ያው 60 ተብሎ በጣም ጥሩ ሞገድ አግኝቻለሁ። ትንበያው ስሕተት ነው ወይስ እኔ ነኝ የማላነበው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ትንበያውም ልክ ነው፤ ያነበብሽው ግን ከሁለት ቁጥሮች አንዱን ብቻ ነው። ከከፍታው ቀጥሎ በሰከንድ የተጻፈውን፣ በሁለት ሞገዶች መካከል ያለውን ጊዜ ተመልከቺ። 60 ሴንቲ ሜትር በ4 ሰከንድ ማለት በቅርብ ነፋስ የተነሣ፣ በጥልቅ ውሃ ላይ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 25 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ አጭር ሞገድ ነው፤ ዳርቻው ጋ ሲደርስ ተበታትኖ ይጠፋል። 60 ሴንቲ ሜትር በ8 ሰከንድ ግን ርዝመቱ 100 ሜትር ያህል ነው፤ የሚያመጣው ጉልበት የመጀመሪያውን እጥፍ ይሆናል፣ ጥልቀቱ ሲቀንስም ከተባለው ከፍታ በላይ ተነሥቶ ይሰበራል። በረጋው ወቅት ከ7 ሰከንድ በላይ የሆነ ቁጥር ካየሽ፣ ከፍታው 40 ብቻ ቢሆንም መውረድ አያስቆጭም።

የተጻፈው ከፍታ ራሱም ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ቁጥሩ ከሁሉም ሞገዶች ከፍ ያሉት የአንድ ሦስተኛዎቹ አማካይ ነው፤ በመካከል ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሞገድ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ከቁጥሩ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ዳርቻው ላይ ደርሰሽ ለአንድ ደቂቃ ብቻ አይተሽ አትመለሺ፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተቀምጠሽ ጠብቂ። ነታንያ ላይ ከድንጋይ መከላከያዎቹ ጀርባ ያለው ውሃ ሞገዱ ደክሞ የሚደርስበት ስለሆነ፣ በትንሽ ቀን ከእነርሱ ወጣ ብሎ ክፍት የሆነውን ዳርቻ መፈለግ ይሻላል። የባሕሩ ሞልቶ መጉደል በዚህ አገር ከ40 ሴንቲ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ በእርሱ ሰዓት አትጨነቂ።

ስለ ሰዓቱ ከጠየቅሽኝ፣ ፀሐይ በወጣች በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ እልሻለሁ። ሌሊት የብሱ ከባሕሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ማለዳ ላይ ለስላሳ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ይወጣል፤ የሞገዱንም ገጽ አለስልሶ ያቆመዋል። ረፋዱ ላይ የብሱ ሲሞቅ ነፋሱ ይገለበጥና ከባሕር መንፈስ ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ ውሃው ይረበሻል። በጣና ዳር ያደጉ ወላጆች ይህን ያለ ካርታ ያውቁታል፤ ታንኳ ቀዛፊው ማለዳ ተነሥቶ ሐይቁ ሳይናወጥ መሻገሩን ይመርጣል።

ሰሌዳሽ አጭር ከሆነ ለእነዚህ ሳምንታት ረጅም፣ 9 ጫማ ያህል የሆነና ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ሰሌዳ ተበድረሽ ሞክሪ፤ አጭሩ የማይነሣበት ደካማ ሞገድ ረጅሙን ይሸከመዋል። ምንም በሌለበት ቀን ደግሞ ተኝቶ በእጅ መቅዘፍን ልመጂ። ብዙ ጀማሪ ሞገድ የሚያመልጠው መቆም ስላቃተው ሳይሆን በሰዓቱ በቂ ፍጥነት ስለማይቀዝፍ ነው፤ ይህን ለማስተካከል እንደ ረጋ ባሕር የሚመች ቦታ የለም።

ጥያቄ (ከአሽቀሎን፣ አንዲት እናት)፦ እኔ ዋና አልችልም፤ ባደግሁበት አገር ባሕር አላየሁም። ልጆቼ «አሁን ሞገድ የለም፣ አደጋ የለውም» እያሉ በአየር የሚነፋ ፍራሽና ቆመው የሚቀዝፉበትን ሰሌዳ ይዘው ይገባሉ። እኔ ልቤ አይረጋም። ፍርሃቴ ከንቱ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ፍርሃትዎ ከንቱ አይደለም። ከአራቱ ደብዳቤዎች ሁሉ ይልቅ አብልጬ ያሰብኩት በእርስዎ ላይ ነው።

ሞገድ በሌለበት ቀን ሞገድ የሚያመጣው አደጋ የለም፤ በዚህ ልጆቹ እውነት ብለዋል። ነገር ግን ከላይ እንደገለጽኩት በዚህ ወቅት ባሕሩን የሚያስተኛው ብዙ ጊዜ ከምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ነው፤ ያ ነፋስ ውሃውን ሲያስተኛ በላዩ የሚንሳፈፈውን ሁሉ ወደ ውስጥ ይገፋል። በአየር የተነፋ ፍራሽ ውሃው ውስጥ የሚሰምጥ አካል ስለሌለው እንደ ሸራ ነው፤ ቆሞ የሚቀዝፍ ሰውም ሰውነቱ ራሱ ነፋስ ይይዛል። ክፋቱ ደግሞ በዳርቻው አጠገብ ገደሉና ሕንፃዎቹ ነፋሱን ስለሚከልሉ ምንም የሚነፍስ አይመስልም። ልጁ ትንሽ ራቅ ሲል ከከለላው ይወጣና ነፋሱ ያገኘዋል፤ ሲሄድ ቀሎት የነበረው መንገድ ሲመለስ ይከብደዋል። ውሃው ለስላሳ፣ ሰማዩ ብሩህ፣ ልጁ ደስተኛ ሆኖ እያለ ይርቃል፤ ከዳር ሆኖ የሚያየው ሰውም እየተጫወተ እንጂ እየተወሰደ አይመስለውም።

ስለዚህ ከመግባታቸው በፊት ሰንደቅ ወይም የዛፍ ቅጠል ወዴት እንደሚያዘነብል ይመልከቱ። ወደ ባሕሩ ካዘነበለ በአየር የሚነፋው ፍራሽ ቤት ይቅር፤ በዚህ ላይ ልመና አይስሙ። ቆመው የሚቀዝፉት ልጆች ሰሌዳውን ከእግራቸው ጋር በገመድ ይሰሩ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበሱ፣ መሬት ሳይርቁ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይቅዘፉ፤ ነፋስ ካየለባቸው ደግሞ ተንበርክከው ወይም በሆዳቸው ተኝተው በእጃቸው ይቅዘፉ። ሰውነታቸው ዝቅ ሲል ነፋሱ የሚይዘው ያጣል። መመለስ ቢያቅታቸው ሰሌዳውን ለቀው ለመዋኘት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ሰሌዳው ያንሳፍፋቸዋል፣ ለሚፈልጋቸውም ከሩቅ ይታያል። እርስዎ ከዳር ሆነው ልጅ እየራቀ መሆኑን ከተጠራጠሩ እስኪያረጋግጡ አይጠብቁ፤ ፖሊስ 100፣ የአምቡላንስ አገልግሎቱ ማጌን ዳቪድ አዶም ደግሞ 101 ነው። ቋንቋው ቢያስቸግርዎት አጠገብዎ ያለውን ሰው እንዲደውል ይጠይቁ። ሌላው መዘንጋት የሌለበት የመዋኛው ወቅት በኦክቶበር ሲያበቃ በብዙ ዳርቻዎች የማጺሉ፣ ማለትም የዋናተኞች ጠባቂው፣ ማማ መዘጋቱ ነው። በወቅቱ ነጭ ሰንደቅ የተፈቀደ፣ ቀይ ለጥንቃቄ፣ ጥቁር ደግሞ የተከለከለ መሆኑን ይናገር ነበር፤ አሁን ግን ማማው ባዶ ሲሆን ሰንደቅ አለመኖሩ ውሃው መፈቀዱን አያሳይም፤ በተዘጋ ዳርቻ መዋኘት አይገባም።

እርስዎ ራስዎ ዋና ለመማር ጊዜው አላለፈብዎትም። ክረምቱን በመዋኛ ገንዳ ለአዋቂ ሴቶች በሚሰጥ ትምህርት ቢጀምሩ፣ በሚመጣው ሜይ ባሕሩ እንደገና ሲረጋ ከልጆችዎ ጋር እስከ ወገብ መግባት ይችላሉ። በእርስዎ ዕድሜ የጀመሩ እናቶችን አውቃለሁ።

ጥያቄ (ከሐይፋ)፦ ሞገዱ ሲመጣ ውሃው ቀዝቅዞ ይጠብቀናል ይባላል። የጎማ ልብስ አሁን ልግዛ ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ ባሕሩ ከየብሱ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። በኦክቶበር መጨረሻ ገና ወደ 25 ዲግሪ ስለሚጠጋ ልብስ አያስፈልግም፤ ዝቅተኛው ሙቀት የሚደርሰው በፌብሩዋሪ ሲሆን ወደ 17 ዲግሪ ይሆናል። ከዲሴምበር ጀምሮ ግን ክንድና እግር የሚሸፍን፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል። አሁን ባሕሩ በረጋበት ጊዜ የሚሸጥ ያገለገለ ልብስ ካገኘህ ለብሰህ ሞክረው፤ በብብትና በወገብ ላይ ውሃ የሚያስገባ ክፍተት ከሌለውና ክንድህን ወደ ላይ ስታነሣ ካልጎተተህ ግዛው።